የዝምታ ዋጋ
እኔ ቨርጂኒያ፣ እናቴ ጎንደር። አፈር ሳላለብሳት ቀረሁና እንቅልፍ ከዓይኔ ሸሸ። በኦክቶበር አጋማሽ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በየሳምንቱ መሄድ ጀመርኩ፤ 50 ደቂቃ በ150 ዶላር። ኢንሹራንስ አለኝ፤ ግን በየዓመቱ የመጀመሪያውን 1,500 ዶላር እኔ ከኪሴ ካልጨረስኩ እርሱ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ኢንሹራንስ በአእምሮ ሕክምና ላይ ከሌላው ሕክምና የከበደ ክፍያ እንዳይጭን ይከለክላል፤ ይህኛው ግን ለሁሉም ሕመም እኩል የተጫነ ነው።

ዝም ባልኩ ቁጥር «ደቂቃው 3 ዶላር» እያልኩ ስለ ሥራዬ እቀባጥር ነበር። በአሥረኛው ሳምንት 1,500ው ሞላ፤ ያን ዕለት እናቴን አንስቼ አለቀስኩ።

ጃንዋሪ ሲገባ ሂሳቡ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ቀጠሮዬን በወር አንዴ አደረግሁት፤ እንባዬ ግን ወር አይጠብቅም።