ክዳኑን ከፍቼ ልየው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ መኪናዬን ረጋ ብዬ ያየኋት ዛሬ ነው። ቀይ ዲኤክስ ናት፤ በፈረንጆቹ 1986 የተሠራች። ሦስት ወር ሙሉ ዝናብና ጭቃ ሲፈራረቁባት ከረሙ፤ ከመስቀል በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ጣራዋንና ኮፈኗን ያዘ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ቀለም ይበላል። አጥቤ ስጨርስ ውሃው ኮፈኑ ላይ ተንጣሎ ቀረ። ሰም ያለው ቀለም ላይ ውሃ እንዲህ አይተኛም፤ ጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ጠብታ ተድቦልቡሎ ይወርዳል። ጎመኑም ቢሆን የራሱ ሰም ስላለው ነው።

በሳምንቱ መካከል ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን የሰም ቆርቆሮ አወጣሁ። ሱቁ ውስጥ አልከፈትኩትም፤ የታሸገ ነገር ምን ይሆናል ብዬ። አሁን ስከፍተው ሰሙ ከቆርቆሮው ጠርዝ ተላቋል፤ መሐሉ በጋ እንደመታው የጥቁር አፈር ማሳ ተሰነጣጥቋል። ስፖንጁ ሲነካው ተፈረፈረ። ስቀባው ይለሰልሳል በሚል ተስፋ የግራውን የፊት በር ጀመርኩ። አልለሰለሰም። ፍርፋሪው ከስፖንጁ ስር እየተንከባለለ ቀለሙን ጫረው፤ ስወለውለው ደግሞ ነጫጭ ጉም የመሰለ ነገር ጥሎ ቀረ። ጨርቁ ቀይ ሆነ። ይኼኛው እንኳ አላስደነገጠኝም፤ የእሷ ዘመን ቀለም እንዳሁኖቹ መኪኖች ከላዩ ጥርት ያለ መሸፈኛ የለውም፤ ያሸኸው ሁሉ ቀለሙን ራሱን ያነሣል። ሰም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነበር። የቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ በሩ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ ጋ ጎራ አልኩ። አክስቴ በጉልበቷ ዘመን ጠጅ ትጥል ነበር። ጠጁ ተጣርቶ የሚቀረውን ሰፈፍ አታፈስም፤ እያቀለጠች፣ እያጠራች ለጧፍ ሠሪዎች ትሸጠው ነበር። ስለ ሰም የምጠይቀው ሰው ቢኖር እሷ ናት ብዬ ቆርቆሮውን ይዤላት ሄድኩ።

መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ ከዳር ቆንጥራ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ያዘችው፤ አልተቸኮለችም። ሰሙ በጣቷ ሙቀት ይለሰልሳል ብላ ጠብቃ ኖሯል። ዱቄት ሆኖ ቀሚሷ ላይ ረገፈ።

«ይኼ አልቆለታል ልጄ። ሰም እጅ ሲይዘው እሺ ማለት አለበት።»

ንጹሕ የንብ ሰም እንደ ሊጥ ተያይዞ ይታሻል፤ ፓራፊን የገባበት ግን ይሸራተታል፣ ይፈረፈራል አለችኝ። ጧፍ ስትገዛ እስከ ዛሬ ጫፉን ቆንጥራ ነው የምትገዛው። ቀጥላም፣ «ቅቤ ገበያ ሄደህ ሳታሸትና ሳትቀምስ ትገዛለህ? ሙዝ የተለወሰበት ቢሆንስ?» አለችኝ። ቅቤስ አልገዛም። ለመኪናዬ ግን ያንን ጥንቃቄ ነፈግኳት።

ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ሳብሰለስል ቆየሁ። የመኪና ሰም የንብ ሰም ብቻ አይደለም። ጥሩ ከሚባለው ውስጥ ካርናውባ አለበት፤ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። የንብ ሰም በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀልጥ ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ብቻውን ቢሆን እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ በሚሸት ማቅጠኛ ይለወሳል። ልስላሴውን የሚሰጠው ያ ማቅጠኛ ነው፤ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ቀስ በቀስ ተንኖ የሚያልቀውም እሱው ነው። እንግዲህ የእኔው ቆርቆሮ በመንገድ ወይም በመደርደሪያ ላይ ሳለ ማቅጠኛው በኖ አልቆ ነበር ማለት ነው። አክስቴ ስለ ማቅጠኛ ሰምታ አታውቅም፤ ጣቷ ግን ነገሩን አገኘው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከሥራ ስወጣ በሩን ለአንድ የመኪና ቀለም ቀቢ አሳየሁት። ጭረቱ ላይ ላዩን ነው፤ ይወጣል አለ። ግን ሥራ ስለበዛበት ለኅዳር ቀጠረኝ።

አንድ ቁም ነገር አስጨበጠኝ። እኛ ሁሉንም «ፖሊሽ» እያልን እንጠራዋለን፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ቀለሙን ፍቆ የሚያስተካክል ነው፤ ውስጡ ደቃቅ መፋቂያ አለው። ሌላው ሰም ነው፤ አይፍቅም፣ ይሸፍናል። እንደ እኔዋ ያለ ስስ አሮጌ ቀለም ላይ መፋቂያውን በየወሩ ቢያመላልሱት ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብረቱ ይወጣል። ሻጩ ላያውቅ ይችላል፤ የቆርቆሮው ጽሑፍም ሁልጊዜ በሚገባን ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ በሁለት ጣት መሐል እሸው አለኝ፤ ኮረት ኮረት ካለህ መፋቂያ አለበት። በጣት ካልተለየ የማይፈለግ ሲዲ ጀርባ ላይ በጨርቅ ማሸት ነው፤ ንጹሕ ሰም ምልክት አይተውም፣ መፋቂያ ያለበት ያደበዝዘዋል። ማታውኑ ከመሳቢያ አንድ አሮጌ ሲዲ ፈልጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሌላ ሰም ልገዛ፣ ሶማሌ ተራ በጠዋት። ሆን ብዬ ነው የማለድኩት፤ ቀትር ላይ ሁሉም ሰም ለስላሳ ይመስላል። በጠዋቱ ብርድ ግን ደህናው ጠንከር ብሎ ጣት ሲያገኘው ይለዝባል፤ የደረቀው ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ ክዳን ማስከፈት አልወደደም። «ጋሼ፣ ከተከፈተ በኋላ ማን ይገዛኛል?» አለኝ። እውነት አለው። ግን እኔስ ሳላይ ምን ልግዛ? አመስግኜው ወጣሁ።

በሁለተኛው ሱቅ ቆርቆሮዎቹ ፀሐይ ፊት ለፊት በሚያገኘው መስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። አንዱን አንሥቼ ጆሮዬ ጋ ነቀነቅኩት፤ ውስጡ ያለው ቋ፣ ቋ አለ። ሰሙ ከቆርቆሮው ተላቆ ነው። ይኼኛውን መክፈትም አላስፈለገኝም። ከጎኑ ያለው ድምፅ የለውም፤ ባለሱቁ ሲከፍትልኝ ግን ፊቱ ላይ ዘይት የመሰለ ነገር አቁሯል፤ ከስሩ ሻካራ ነው። ቀን ቀልጦ ሌሊት እየረጋ ሰሙና ማቅጠኛው ተለያይተዋል። ፈሳሹ ዓይነት ቢለያይ ተነቅንቆ ይመለሳል፤ ጠጣሩ ግን አንዴ ከተለያየ በመነቅነቅ አይመለስም።

ሦስተኛው ጋ ሰውዬው በዕድሜ ከእኔ ከፍ ይላል። ምን እንደምፈልግ ስነግረው ከጓዳው ካርቶን አመጣ። «ከካርቶኑ መርጠህ አንዱን ክፈት፤ ካልተስማማህ እኔው እጠቀምበታለሁ» አለኝ። እንዲህ የሚል ነጋዴ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ዕቃውን የሚያምን ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ቆርቆሮው ላይ 200 ግራም ይላል። ሁለቱን በሁለት እጄ ስመዝናቸው አንዱ የቀለለ መሰለኝ። ጎረቤቱ ምስማር በኪሎ ይሸጣል፤ ሚዛኑን ተዋስን። ከቆርቆሮው ጋር ሲመዘኑ በመሐላቸው የ20 ግራም ያህል ልዩነት አለ። ባለሱቁም እኔም ዝም ብለን ተያየን፤ ቀላሉን ራሱ ወደ ጎን አደረገው። ከባዱን ከፈትኩ። ፊቱ እኩል ነው፤ ጠርዙን አልለቀቀም። ጣቴን ጫን ሳደርግ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ምልክት ተቀበለ፤ ጣቴ ላይ የቀረው እንደ አይብ ሳይሆን እንደ ቅቤ ነው። በሁለት ጣት አሸሁት፤ ኮረት የለም። ሲዲውን አውጥቼ ሳሽ የሱቁ ልጆች ሁሉ ከበቡኝ። አልጫረም።

900 ብር አለ። ካቻምና ከነበረው ጋር አይገናኝም፤ ግን የብሩ ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በ820 ተስማማን። ሚዛኑንና ጊዜውን ስላልነፈገኝ ከዚያ በላይ ልጨቀጭቀው አልፈለግኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ጥላ ሲሆንና ብረቱ ለእጅ ሲቀዘቅዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከበሩ ስር፣ ዓይን የማያገኘው ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል ብቻ። ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ደመነ። በጣቴ ጫፍ ሳብ ሳደርገው ንጹሕ መስመር ወጣ፤ ደርሷል ማለት ነው። በለስላሳ ፎጣ ስወለውለው ያለ ግግር ተነሣ። ከዚያ ኮፈኑን፣ ጣራውን፣ የቀኙን በሮች ቁራጭ በቁራጭ ሄድኩበት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ከቆርቆሮው የጎደለው ግን ከጣት ውፍረት ያነሰ ነው።

የሚያጥብልኝን ልጅ አደራ ብዬዋለሁ፦ ከእንግዲህ ኦሞ የለም፣ ሰሙን ጠርጎ ይወስደዋል። የመኪና ሳሙና ገዝቼ ሰጠሁት።

ማታ አንድ ጆግ ውሃ ኮፈኑ ላይ ለቀቅኩ። ተድቦልቡሎ ወረደ። አክስቴ መጥታ ነበርና ጠብታዎቹን በጣቷ እየገፋች አየቻቸው፤ ከዚያ አዲሱን ቆርቆሮ አስከፍታ ቆነጠረች፣ አሸች፣ ጣቷን አሸተተች። «እሺ ይላል» አለች። ክዳኑን ግጥም አድርጌ፣ ላዩ ላይ በእስክርቢቶ «ጥቅምት 10» ብዬ ጽፌ ፀሐይ ከማያገኘው ቁም ሣጥን አስገባሁት። የግራው በር ኅዳርን ይጠብቃል።