የኩየራዋ ልጅ ጥያቄ

ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ ስትጓዙ ኩየራን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ አይታችሁ አትለፏት። እኔ በቅርቡ አንድ ጠዋት ወርጄ፣ ወደ ትምህርት ቤት ከሚጣደፉ ሕፃናት ጋር ጥቂት መንገድ ሄድኩ። አንዲት ልጅ በኦሮምኛ «ደብተራ» ስትል ሰማሁና ናይሮቢ ታወሰችኝ።

እዚያ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ሕፃናትን ንባብ አስጠና ነበር። የስዋሂሊው ቃል ቢጠፋኝ «ደብተር» አልኳቸው። በሳቅ ፈነዱ፤ «ዳፍታሪ!» ብለው አረሙኝ። ከእነሱ የተማርኩት ሳይበልጥ አይቀርም። ስሰናበታቸው መቼ እንደምመለስ ጠየቁኝ። «በቅርቡ» አልኩ። አልተመለስኩም።

በአገራችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው፣ አብዛኞቹ በአስተማሪነት ያገለግሉ ነበር። በርግጥ ግዴታ ነበር፤ ነገር ግን ሕፃኑ አስተማሪው ዓመቱን ሙሉ አብሮት እንደሚቆይ ያውቃል። ልጃችሁ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳ «ሕፃናት አስተምራለሁ» ብላ ስትጽፍላችሁ መርቋት፤ እስከ መቼ እንደሆነም ጠይቋት።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ልጅቷ፣ «ነገም ይመጣሉ?» አለችኝ።

«አልመጣም፤ ዛሬ ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ» አልኳት።