ያባቴ ወፍጮ ቤትና የኢዲዶ ቡና ማጠቢያ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የፍቅር ጣጣ አይደለም። የቤት ጣጣ ነው። ግን ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት ከፍቅርም ብዙ አይርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ሲያርፍ ለእኔና ለታላቅ እህቴ አንድ ወፍጮ ቤት ትቶልን ሄደ። የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዱቄት የለበሰ የጣሪያ ብረት… ዱሮ በዓል ሲደርስ የሰፈሩ እናቶች ጤፍና በርበሬያቸውን ይዘው ገና ሳይነጋ ይሰለፉበት ነበር። አሁን ግማሹ ሰው የታሸገ ዱቄት ይገዛል፤ ግማሹም እንጀራውን ከሱቅ ያመጣል። ወፍጮው ከተዘጋ ሁለት ዓመት አለፈው።

ታዲያ አንድ ቀን እህቴ ደላላ ይዛ መጣች። ሰውዬው ግድግዳውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና «ይሄማ ፈርሶ ባለ መስታወት ሕንፃ ይውጣበት እንጂ!» አለ። እህቴ «እሺ» አለች። እኔን ግን ያ ጫማ ሆዴ ላይ ያረፈ ያህል ተሰማኝ። ተጣላን። «በትዝታ ምሳ አይበላም!» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እውነቷን ነዋ! በማግሥቱ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ዲላ ወደሚኖረው ጓደኛዬ ሄድኩ። ሽሽት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ሽሽት ነው።

ባለ ሦስት ፎቅ እርሻ

ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐዋሳን አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትዘልቁ አረንጓዴው እየበዛ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይመጣል። ጓደኛዬ «ኩርፊያህን ቡና አገር ወስጄ ነው የማስለቅቅህ» አለና በነጋታው ይርጋ ጨፌ አደረሰኝ። ከዚያ በሞተር ሳይክል፣ ጭቃው እየረጨን፣ ኢዲዶ ገባን።

በዓለም ላይ ያለ ቡና አዋቂ «ኢዲዶ» ሲባል ጆሮውን ያቆማል። የገበሬዎቹ ማኅበር የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አባል ነው፤ ስሙም በውጭ አገር የቡና መደብሮች ከረጢት ላይ ይጻፋል። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ግን ማኪያቶ ስንጠጣ ነው የምንውለው፤ ቡናው ከየት እንደመጣ ማን ይጠይቃል!

እዚያ አገር ጫካውና ጓሮው አይለይም። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ አብሮት ቡና። እንዲያው ባለ ሦስት ፎቅ እርሻ በሉት! አንዲት ቁራሽ መሬት ጥላም፣ ምግብም፣ ገንዘብም ትሰጣለች። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ሰውና ዛፍ ተቻችለው በሚኖሩበት በዚህ አሠራር ነው። እንሰት ሲነቀል ደግሞ የሚጣል የለውም። ቆጮው ይበላል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይነጠፋል።

የተኛው ኢንዱስትሪ

በቢሮ ቋንቋ «የቡና ማጠቢያ ኢንዱስትሪ» የሚባለውን ለማየት ወደ አንዱ ጣቢያ ወረድን። ጊዜው ግንቦት ነው። ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ይዟል። ጣቢያው የሚሠራው ቀዩ እሸት ሲለቀም፣ ከጥቅምት ጀምሮ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ያኔ እሸቱ በማሽን ይፈለፈላል፤ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፤ ይታጠባል፤ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። የቀረውን ጊዜ ግን ገንዳውም አልጋውም ባዶ ነው። እኔም ባዶውን ሳይ የኛ ወፍጮ ቤት ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ከጓደኛዬ ጋር በጌዴኡፋ፣ ከእኔ ጋር ባማርኛ እያወሩ ዙሪያውን አስጎበኙን። ወይ ጉድ! ባዶ ያልኩት ቤት ለካ ባዶ አይደለም። የቡና መልቀሚያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ልጆች ደብተር ዘርግተው ያጠናሉ። ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ በአሸንዳ ወደ አንዱ ገንዳ ይገባል። የቡናው ገለፈት ብስባሽ ሆኖ ተከምሯል። የተሰነጠቀ አሮጌ ገንዳ ደግሞ አፈርና ብስባሽ ተሞልቶ የቡና ችግኝ በቅሎበታል!

ይህ ገለፈት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከ100 ኪሎ እሸት ወደ 40 ኪሎ የሚሆነው ገለፈት ነው። እሱና የእጥበቱ ውኃ ዝም ብለው ወንዝ ከገቡ ውኃውን ያበላሹታል፤ ይሸታል፤ ከታች ያለው ሰውና ከብት ይቸገራል። ለዚህ ነው በአንዳንድ የአገራችን ማጠቢያዎች ፍሳሹን በቬቲቨር ሣር ውስጥ የሚያሳልፉት። አሮጌ ቤት ማቆየት ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ ቆሻሻውንም ማሰብ ያስፈልጋል።

«አባባ፣ ይሄ የተሰነጠቀው ለምን አይፈርስም?» ስል ጠየቅኳቸው።

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ለማፍረስ አንድ መዶሻ ይበቃል። ሲሠራ ግን እኔ ራሴ ከወንዝ አሸዋ ተሸክሜያለሁ፤ ጎረምሳ ነበርኩ። ውኃ መያዝ አቃተው እንጂ አፈር መያዝ መች አቃተው?»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገርኩም። ለእህቴ ያጣሁትን መልስ ኢዲዶ ላይ አገኘሁት።

ጎተራ ስደርስ

ሽማግሌው አሸዋ ያሉትን ሳይንሱም በራሱ ቋንቋ ይለዋል። ሲሚንቶ ለመሥራት ድንጋይ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይቃጠላል። ነዳጁም ይጨሳል፤ ድንጋዩም ራሱ ጋዝ ይለቃል። ዓለም ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ100 እጅ 8 ያህሉ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የቆመ ግድግዳ ማለት ጭሱ አንዴ የተጨሰለት፣ ላቡ አንዴ የፈሰሰለት ማለት ነው። ስናፈርሰው ያን ሁሉ ጥለን እንደገና «ሀ» ብለን እንጀምራለን። «ከተማችን ንጹሕ ትሁን፣ አረንጓዴ ትሁን» እያልን ፍርስራሹን በገልባጭ መኪና ስናግዝ አናፍርም?

ስመለስ ከቃሊቲ ታክሲ ይዤ ጎተራ ደረስኩ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእህል ጎተራዎቹ እንደሆነ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ግዙፍ የእህል ጎተራ ነበር። ሥራ ሲፈታ አላፈረሱትም። የእህል ቱቦዎቹን በውስጥ ቆርጠው እ.ኤ.አ. በ2017 የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አደረጉት። ሩቅ ነው ካላችሁ ድሬዳዋ ሂዱ። የድሮው የባቡር መጠገኛ ከነማሽኖቹ ቆሞ ዛሬ ጎብኚ ያስተናግዳል። አሮጌ ነገር ሁሉ ፋራ አይደለም!

ከማፍረሳችሁ በፊት

እናንተም እንደኔ የቆየ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም ወፍጮ ቤት እጃችሁ ከገባ፣ ከደላላው በፊት መሐንዲስ ጥሩ። መሠረቱና ግድግዳው ጤነኛ ካልሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትዝታ ምሰሶ አይሆንም፤ ይፍረስ። ጣሪያው የቆየ አስቤስቶስ ከሆነ በገዛ እጃችሁ አትሰባብሩት፤ ብናኙ ለሳምባ ጠንቅ ነው። ጋራዥ ከነበረ ደግሞ መሬቱ ዘይት ጠጥቷልና መጀመሪያ አፈሩ ይታይ።

ቀጥሎ «ይህ ቤት ምን አለው?» በሉ። የኛ ወፍጮ ቤት ለምሳሌ ስሪ ፌዝ መብራት አለው። ለሥራ አዲስ መስመር ማስገባት ስንት ደጅ እንደሚያስጠና ያየ ያውቀዋል! የአገልግሎት ለውጥ ፈቃዱንም ከወረዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ እንጀራ ይስጣችሁ። ካላበላ ማንም አያቆየውም፤ እህቴ ትክክል የነበረችው እዚህ ላይ ነው።

ቤት ስደርስ እህቴ በሩን ከፈተችልኝ። ከኢዲዶ ያመጣሁትን ቡና ሰጠኋት። ሳትናገር ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። ሁለተኛውን ስኒ ስንጠጣ ሽማግሌው ያሉኝን ነገርኳት። ዝም አለች። ሦስተኛው ላይ «አባባ ያንን ድንጋይ በትከሻው ነበር ያመላለሰው» አለችኝ። እኔ ገና ስላልተወለድኩ አላውቅም ነበር።

ደላላውን ለጊዜው መልሰነዋል። ግማሹ ቤት በርበሬና ሽሮ ይፈጫል፤ ግማሹ ደግሞ ቡና ይቆላበታል። እህቴ የሰጠችኝ አንድ ዓመት ነው። «ካላዋጣ ግን እኔ ራሴ ነኝ መዶሻውን የማነሣው» ብላለች። እሷ ካለች አለች!

እስከዚያው ግን ቤቱ ቆሟል። ቸር ይግጠመን!