የጠባቂዎች ጠባቂ

ሕፃን ልጅ ሲበደል ያየ ሰው ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ልጁ ስለ ራሱ ለመወሰን ገና አልደረሰምና ከበዳዩ እጅ አውጥቶ ወደ ደኅና ቦታ ማድረስ ነው። ነገር ግን የተበደለው ሰው ጐልማሳ ወይም ሽማግሌ በሆነ ጊዜ፥ ራሱን ለመከላከል ዐቅም ቢያጣም የራሱ ፈቃድ ያለው በሆነ ጊዜ፥ ነገሩ ይከብዳል። ሊረዱት የመጡትን ሰዎች «ሂዱልኝ፤ አልፈልጋችሁም» ያላቸው እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ቢተዉት በበደሉ ውስጥ ይጠፋል፤ ያለ ፈቃዱ ቢያነሡት ደግሞ የቀረችውን አንዲቱን ክብር፥ ይኸውም በራሱ ላይ የማዘዝን ሥልጣን፥ ነጠቁት ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ መፈለግ የየዕለት ሥራቸው የሆነ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም በላይ ሆኖ ሥራቸውን የሚመለከት፥ ስለ ሥራቸውም የሚጠየቅ ሌላ ሰው አለ። የዚህም ሰው ድካም እምብዛም አይነገርም።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የሚያዝዘው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የወጣው፥ በ2015ም መሠራት የጀመረበት የእንክብካቤ ሕግ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። የሕጉ 42ኛ ክፍል እንደሚለው፥ አንድ ጐልማሳ እንክብካቤና ድጋፍ የሚያስፈልገው ሲሆን፥ በደል ወይም ቸልታ የደረሰበት ወይም እንዳይደርስበት የሚያሠጋ ሲሆን፥ በዚያውም ድካሙ ምክንያት ራሱን ለመጠበቅ ያልቻለ ሲሆን፥ የአገሩ ማዘጋጃ ቤት ነገሩን የመመርመር ግዴታ አለበት። ስለ ሕጉ የወጣው የመንግሥት መምሪያ የበደልን ዓይነት ዐሥር አድርጎ ይቈጥራል። ከእነርሱም መምታት፥ ማስፈራራት፥ ገንዘብን መብላት፥ እንደ ባሪያ ማሠራት፥ በመጦሪያ ቤት በአሠራር ጕድለት የሚደርስ በደል፥ ችላ ማለት፥ ደግሞም ሰው ራሱን ጥሎ በእድፍና በረኃብ መኖሩ ይገኙባቸዋል። በዳዩም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን ምግብ የሚያቀርብ ልጅ፥ ገላ የሚያጥብ አስታማሚ፥ ወይም ወዳጅ ነኝ ባይ ጎረቤት ሆኖ ይገኛል።

ጥቆማው ከሐኪም፥ ከባንክ፥ ከፖሊስ ወይም ከጎረቤት ይመጣል። የማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛው ሄዶ ደጁን ያንኳኳል። የበላይ ተመልካቹ ግን ደጅ አያንኳኳም። በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ ማን ወዴት እንደሚሄድ ይመድባል፤ የተጻፈውን ያነባል፤ ሠራተኞቹንም አንድ ባንድ እየጠራ ስለ ያዙት ነገር ያነጋግራል። አልፍሬድ ካዱሺን የተባለ የአሜሪካ መምህር በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ሰው ሥራ በሦስት ከፍሎታል፤ ማስተዳደር፥ ማስተማርና መደገፍ ናቸው። ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ላይ ሲወድቁ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ሠራተኛ ስሕተቱን ከሚቈጣጠረው ሰው ይሰውራል፤ ለሚያጽናናው ግን ይገልጣል። ተመልካቹ ደግሞ ሁለቱንም ነው።

በአንድ የእንግሊዝ ከተማ በዚህ ሥራ ላይ የኖረች ሴት ነበረች። ብዙ ዘመን ደጅ ስታንኳኳ ቈይታ በኋላ የስምንት ሠራተኞች የበላይ ሆነች። አንድ ቀን ወደ ማታ አንድ ወጣት ሠራተኛ መዝገብ ይዞ ገባ። ነገሩ አጭር ነበረ። አንዲት ባልቴት በእኅቷ ልጅ እጅ ትጦራለች። ገንዘቧ በየሳምንቱ ከልማዷ በላይ እየወጣ መሆኑን የባንክ ሰዎች አይተው ጠቈሙ። ወጣቱም ሄዶ ባነጋገራት ጊዜ ነገሯን ሳታዛንፍ «የእኅቴ ልጅ ይጦረኛል፤ ገንዘቤንም ለወደድሁት እሰጣለሁ፤ ሁለተኛ አትምጣብኝ» አለችው። ስለዚህ «አእምሮዋ የተሟላ ነው፤ እርዳታ አልፈልግም ብላለች፤ መዝገቡ ይዘጋ» ብሎ ጻፈ። የቀረው የተመልካቺቱ ፊርማ ብቻ ነበረ።

እርስዋ ግን ብዕሯን ሳታነሣ ትጠይቀው ጀመር። «ደጁን የከፈተልህ ማን ነው?» አለችው።

«የእኅቷ ልጅ ነው።»

«ስትነጋገሩስ እርሱ ወዴት ነበረ?»

«በወጥ ቤት ሻይ ያፈላ ነበረ።»

«በሩ ክፍት ነበረ ወይስ ዝግ?»

ወጣቱ ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶም በሩ ክፍት እንደ ነበረ፥ ባልቴቲቱም ከመመለሷ በፊት ወደዚያ ትመለከት እንደ ነበረ ተናገረ። «እንግዲያስ የሰማኸው ቃል የእርስዋ ነው ወይስ የእርሱ?» ብትለው ፊቱ ተለወጠና «ሕጉ ሰው ጥበብ የጐደለው ነገር ስለ ወሰነ ብቻ አእምሮ እንደ ጐደለው አይቈጠርም ይላል። እኔም ፈቃዷን አከበርሁ። ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አላት። እርስዋም «እውነት ነው፤ አስተምሬሃለሁ። ግን ፈቃድን ማክበር ፈቃዱን ከማግኘት በኋላ ነው» አለችው።

ወጣቱ የጠቀሰው ሕግ በከንቱ የወጣ አይደለም። በ1948 በዚያው አገር የወጣው የብሔራዊ እርዳታ ሕግ በ47ኛው ክፍል፥ በጽኑ ሕመም የሚኖርን ወይም አርጅቶና ደክሞ በእድፍ ውስጥ የወደቀን፥ የሚገባውንም እንክብካቤ ያላገኘን ሰው፥ በሐኪም ምስክርነትና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ አንሥቶ እስከ ሦስት ወር ድረስ በሆስፒታል ወይም በሌላ ቦታ ማኖርን ይፈቅድ ነበር፤ ጊዜውም ሊታደስ ይችል ነበር። አእምሮው የተሟላ መሆኑ ሰውዬውን ከዚህ አያድነውም ነበር። በ2005 የወጣው የአእምሮ ችሎታ ሕግ ግን ማናቸውም ጐልማሳ ችሎታ የሌለው መሆኑ እስኪገለጥ ድረስ ችሎታ እንዳለው ይቈጠራል አለ፤ ያ የ1948ቱ ክፍልም በ2015 በእንግሊዝ አገር ቀረ። ይህ ለደካሞች ትልቅ ነጻነት ነው።

ነገር ግን መልካም ሕግም በሰነፍ እጅ መሸሸጊያ ይሆናል። በ2006 በኮርንዎል አውራጃ የመማር ችግር የነበረበት አንድ ሰው፥ ወዳጆች ነን ብለው በቤቱ የሰፈሩ ሰዎች ብዙ ሥቃይ ካደረሱበት በኋላ ተገደለ። ይህ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት እየሄደ የሚረዳው ሰው ነበረው። ከመሞቱ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ግን «እርዳታው ይቅርብኝ» አለ፤ እንደ ቃሉም ቀረ። ኋላ የተደረገው ምርመራ ከገለጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሰውዬው እርዳታውን ስለ ምን እንደ ተወ መርምሮ የጠየቀው አልነበረም። ምርጫው ተከበረ ተባለ፤ ዳሩ ግን የማን ምርጫ እንደ ነበረ አልታወቀም።

ተመልካቺቱ ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወጣት ሠራተኛ ሳለች አንድ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብሎ «ደኅና ነኝ» ሲል አሰናበታት። እርስዋም «ደኅና ነኝ ብሏል» ብላ ጻፈች፤ በላይዋ የነበረውም ሰው ምንም ሳይጠይቅ ፈረመ። ብርዱ ሳያልፍ ሽማግሌው በቤቱ ሞቶ ተገኘ። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበርና ማንም አልከሰሳትም። ሲያስጨንቃት የኖረውም ያ ጥፋት ያልተገኘበት ወረቀት ነው። በዚያች ማታ ይህን ለወጣቱ ነገረችው። እርሱም ቍጣው በርዶለት የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ መልሶ ወሰደ።

በማግሥቱ ሳምንት ወጣቱ የባልቴቲቱን ቍስል ከምታጥበው አስታማሚ ጋራ፥ የእኅቷ ልጅ በሌለበት ሰዓት ሄደ። ባልቴቲቱም ገንዘቧ መወሰዱን ታውቅ ነበር። ያላወቀችው ሌላ ነገር ነበረ። የእኅቷ ልጅ «ለማዘጋጃ ቤት ሰዎች ከተናገርሽ ከቤትሽ አውጥተው መጦሪያ ቤት ያስገቡሻል» ብሏት ነበርና፥ ከገንዘቧ ይልቅ ለቤቷ ፈርታ ዝም አለች። ወጣቱም «እናቴ፥ እርስዎ ካልፈቀዱ እኔ ከዚህ ቤት ላወጣዎ ሥልጣን የለኝም» አላት። ብዙ ዝም ብላ ቈይታ ሁለት ነገር ለመነች፤ የባንክ ካርዷ ወደ እጅዋ እንዲመለስና ጧት ጧት የምትረዳት ሴት እንድትመጣላት። የእኅቷን ልጅ ግን ለፖሊስ አልከስም አለች፤ የእኅቷ አደራ ነውና። ይህ «አልፈልግም» በእውነት የእርስዋ ነበረ። ተመልካቺቱም ምክንያቱን በዝርዝር ጽፋ፥ ወጣቱ እየተመላለሰ እንዲያያት አዝዛ፥ በስሟ ፈረመች። ይህ ድል አይባልም፤ ሰውዬው እንደ ገና ሊበድላት ይችላል። ቢሆንም ባልቴቲቱ ያወቀችውን አውቃ መረጠች።

የእኅቷ ልጅ ደጁን ዘግቶ አላስገባም ቢልስ ኖሮ ነገሩ የባሰ ነበር። በስኮትላንድ በ2007 የወጣው ሕግ ዳኛው ሲያዝዝ የተሠጋለትን ሰው እስከ ሰባት ቀን ወደ ሌላ ቦታ ማንሣትን ይፈቅዳል። በእንግሊዝ የእንክብካቤ ሕግ ግን ለማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛ በግድ የመግባት ሥልጣን አልተሰጠውም። የቀረው መንገድ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2012 እንደ ወሰነው፥ አእምሮው የተሟላ ሆኖ ሳለ በሌላ ሰው ግዳጅ ሥር የወደቀን ሰው ይህ ፍርድ ቤት ሊታደገው ይችላል። ወደዚያ የሚሄደውን ከማይሄደው መለየትም አስቀድሞ በተመልካቹ ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ነገር ነው።

ከዚህም በቀር ተመልካቹ ሌላ ግዴታ አለበት፤ የተበተነውን መሰብሰብ። በብሪስቶል አቅራቢያ የመማር ችግር ያለባቸው ሰዎች ይታከሙበት የነበረ አንድ የግል ሆስፒታል ነበረ። በግንቦት 2011 በስውር የተነሣ ፊልም በቴሌቪዥን ታይቶ የሠራተኞቹ ጭካኔ ተገለጠ፤ 11 ሰዎች ጥፋታቸውን አመኑ፤ ከእነርሱም በ2012 ስድስቱ ታሰሩ። በኋላ ሲመረመር ግን ከጥር 2008 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ስለዚያ ቤት 40 ጥቆማ ለማዘጋጃ ቤቱ ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህም 27ቱ ሠራተኛ በሽተኛን መታ የሚሉ ናቸው። እያንዳንዱ ጥቆማ ለብቻው ታየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እነዚህን አርባ ድሮች ግን የሚያስተባብራቸው አልተገኘም። ደጅ የሚያንኳኳው ሠራተኛ አንዱን ደጅ ብቻ ያያል፤ የሁሉም ወረቀት የሚደርሰው ከላይ ላለው ነውና ትናንት ያነበበውን ዛሬ ካነበበው ጋራ ማስተያየት የእርሱ ፈንታ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በሁለት ወገን ይፈራል። ሰው ቢሞትበት «ስለ ምን አልገባችሁም?» ይባላል፤ ቢገባ ደግሞ «ስለ ምን በሰው ቤት ገባችሁ?» ይባላል። ፍርሃቱን ወደ ሠራተኞቹ ያወረደው እንደ ሆነ፥ እነርሱም ሰውን ማየት ትተው ወረቀት መሙላት ይጀምራሉ። ስለዚህ መልካም ተመልካች ፍርሃቱን በራሱ ዘንድ ያስቀራል። ሠራተኛው ያየውን መከራ ተሸክሞ ሲመለስ አስቀምጦ ይሰማዋል፤ ሲያለቅስ አይንቀውም፤ ሲሰንፍ ግን አያልፈውም። ለእርሱም ራሱ እንዲሁ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ካህናት እንደሚያውቁት «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ ከላይ ሆኖ የሚመለከት ማለት ነው። እንግሊዞች «ሱፐርቫይዘር» የሚሉትም ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጕሙ ይኸው ነው። ነገር ግን ከላይ የተቀመጠ ሰው የወጥ ቤቱ በር ክፍት መሆኑን አያይም፤ ባልቴቲቱም ከመመለሷ በፊት ወዴት እንደ ተመለከተች አያውቅም። ይህን የሚያየው በሌላው ሰው ዐይን ነው። ስለዚህ በደካሞች ጠባቂዎች ላይ የተሾመ ሁሉ፥ በእንግሊዝም ቢሆን በሌላ አገር፥ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ያልጠየቀ እንደ ሆነ የሚመለከተው ወረቀት ብቻ ነው።