ጠንቋዪቱ ልጅ በሻንቶ

ከዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ከሻንቶ ሆነን በናይጄሪያ ስለምትኖር ስለ አንዲት ጠንቋይ ልጅ ስንጽፍ፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን «ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ ምኑ ነው?» ሳይሉን አይቀሩም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ የምንሰበሰበው ጥቂት የመጽሐፍ ወዳጆች ባለፈው ክረምት አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አገኘን። ቅጂው አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ቋንቋውን በሚገባ የምናውቀው እያነበብን ለቀሩት በአማርኛና በወላይትኛ ተረክንላቸው። ከአድማጮቹ መካከል በቢሮ የምንሠራ ጸሐፊዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ታሪኩ ካለቀ ወራት አልፈዋል፤ አድማጮቹ የተናገሩት ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

መጽሐፉ «አካታ ዊች» ይባላል። ደራሲዋ ከናይጄሪያ ወላጆች በአሜሪካ የተወለደችው ንኔዲ ኦኮራፎር ስትሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሳኒ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ኒው ዮርክ ተወልዳ ከወላጆቿ ጋር ወደ ናይጄሪያ ተመልሳ አባ በተባለው ከተማ ትኖራለች። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደች በመሆኗ ቆዳዋ ፀሐይ አይችልም፤ ኳስ መጫወት ብትወድም ከጠራራው ሸሽታ በማታ ካልሆነ አይሆንላትም። በትምህርት ቤትም መልኳንና ከውጭ አገር መምጣቷን አንድ ላይ አድርገው ይሰድቧታል፤ የመጽሐፉ ስም ራሱ የተወሰደው ከዚሁ ስድብ ነው። ኋላ ግን ልጅቱ የአስማት ኀይል ካላቸው፣ «የነብር ሰዎች» ከሚባሉት ወገን ሆና ትገኛለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና ሕፃናትን እየሰረቀ የሚገድል፣ በዚያም ክፉ መንፈስን ወደ ዓለም ለማምጣት የሚሠራ «ጥቁር ባርኔጣ» የተባለ ሰው እንድትይዝ ትላካለች። በመካከሉ ልጆቹ በትግል ውድድር ላይ ሰው ሲሞት ቆመው ያያሉ። ጨለማ አለበት ብንል ግነት አይሆንብንም።

ተማሪዎቹን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰታቸው የገንዘቡ ነገር ነበር። በነብር ሰዎች ዘንድ ሰው አንድ አዲስ ነገር በተማረ ጊዜ «ቺቲም» የሚባለው ገንዘባቸው በእግሩ ሥር ዱብ ይላል፤ ሠርቶ ወይም ነግዶ አይደለም፣ ዐውቆ ነው የሚከብረው። አንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ታዲያ የኛ መምህራን ምነው ደኸዩ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። በመካከላችን መምህር አለመኖሩ በጀን።

ቁጣም አልቀረም። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ሁለተኛውን ምሽት ሳይጨርስ ወጣ። «አያቶቻችን ከጥንቆላ የወጡት በስንት መከራ ነው፤ እናንተ በመጽሐፍ አስጊጣችሁ ትመልሱብናላችሁ» አለን። ነገሩ በአገሩ ታሪክ የተመሠረተ ስለ ሆነ ልንንቀው አልፈለግንም። በ1928 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ሚስዮናውያን ሶዶ ከገቡ ወዲህ በወላይታ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ የጠንቋይን ደጅ ትቷል፤ ያንን መተው የማንነቱ መጀመሪያ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ዛሬም ጥቂት አይደለም። በሌላውም ዓለም ቢሆን እንዲህ ያለ ቁጣ እንግዳ አይደለም፤ በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከቤተ መጻሕፍት እንዲነሡ ብዙ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት በመጀመሪያ ደረጃ የተቈጠሩት የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ነበሩ።

ከእርሱ ይልቅ ይቈጣሉ ብለን የጠበቅናቸው ሽማግሌው ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሰሙ። «አያቴ ለቃልቻ ፍየል ሲነዳ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ተረት አያስፈራኝም» አሉ። እርሳቸውን ያስቈጣቸው ሌላ ነገር ነው። የነብር ሰዎች ታላላቆች አራቱን ልጆች ወደ ገዳዩ ሲልኩ፣ ልትሞቱ ትችላላችሁ ብለው ዐውቀው መላካቸው ነው። «የትኛው ሽማግሌ ነው ራሱ ተቀምጦ ልጅ የሚልክ? ይህስ ከጥንቆላው ይብሳል!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለዚህ በቂ መልስ ከመጽሐፉ አላገኘንም፤ በኛም አስተያየት የታሪኩ ደካማ ስፍራ ይኸው ነው።

ትረካውን እጅግ ያስቸገረን «ዊች» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ማምጣቱ ነበር። ጠንቋይ ብንል የወደፊቱን የሚናገር፣ ጠጠር የሚጥል ሰው ይሆናል። ቃልቻ ብንል መንፈስ የሚወርድበት፣ ደጅ የሚጠናለት ጌታ ነው። መተተኛ ብንል ጠላትን በድብቅ የሚያሳምም፣ ድግምተኛ ብንል ቃል የሚደግም፣ ቡዳ ብንል ደግሞ ሳያስበው እንኳ በዐይኑ ይበላል የሚባል ነው። ሳኒ ከእነዚህ አንዷንም አይደለችም። ዳሩ ግን ከእነዚህ አንዱን መርጠን በተናገርን ቍጥር፣ በአድማጩ ፊት የምትቆመው ናይጄሪያዊቱ ልጅ መሆኗ ቀርቶ፣ እርሱ በመንደሩ የሚያውቀው አንድ ሰው ይሆንበታል።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ይመስለናል። በአሜሪካዪቱ ሳሌም ከተማ በ1692 እ.ኤ.አ. በጥንቆላ ተከሰው 20 ሰዎች ተገድለዋል፤ ዛሬ ግን በዚያችው ከተማ የጠንቋይ ባርኔጣ ለጐብኚ የሚሸጥ ዕቃ ነው። እዚያ ጠንቋይ ስለ ሆነች ልጅ የሚያነብ ሰው ጐረቤቱን አይጠረጥርም። በናይጄሪያ ግን ሕፃናትን ጠንቋዮች ናችሁ እያሉ ከቤት ማባረርና ማሠቃየት ስለ በዛ፣ የአክዋ ኢቦም ክፍለ ግዛት በ2008 እ.ኤ.አ. ሕፃንን በጥንቆላ መወንጀልን በሕግ ከልክሏል። ይኸው መጽሐፍ በናይጄሪያና በእንግሊዝ ሲታተም ርእሱ ተለውጦ «ሳኒ በነበልባሉ ውስጥ ያየችው» የሚል ሆኗል። ምክንያቱን ለመገመት እኛ በሻንቶ ያለነው ብዙ አንቸገርም።

ከአድማጮቻችን መካከል የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የእናቷን እንስራ ያልገዛ ቤት በአካባቢያችን ጥቂት ነው፤ ከእናቷ ጋር በአንድ ገበታ የቀረበ ቤት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። በወላይታ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ለረጅም ዘመን መኖራቸውን የማያውቅ የለም፤ በሌላውም የአገራችን ክፍል ባለ እጆችን ቡዳ ማለት የቆየ ነውራችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ይህች ልጅ አራት ምሽት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ሁሉ ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ ስንጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እኔን መጽሐፉ ደስ አላለኝም» አለች። «ሳኒን ጓደኞቿ ጠንቋይ ብለው ሰደቧት፤ ኋላ እውነትም ጠንቋይ ሆና ተገኘች። ታዲያ ሰዳቢዎቹ ምን አጠፉ? እኛን ቡዳ የሚሉን ግን በውሸት ነው። እኔ እንደ እርሷ ‹አዎን ነኝ፣ እንዲያውም ጸጋዬ ነው› ብል ለእነርሱ ምስክር ሆንኩላቸው ማለት አይደለም?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ያ ስለ ገንዘቡ የቀለደው ተማሪ፣ ሰዳቢዎቹ የሳኒን ኀይል ዐውቀው ሳይሆን መልኳን ጠልተው መናገራቸውን፣ ስለዚህ ቃላቸው ከእውነት ጋር የገጠመው በአጋጣሚ መሆኑን ሊያስረዳት ሞከረ። ክርክሩ ብልህ ነው። ደግሞም ደራሲዋ በሰው ዘንድ ጉድለት የሚባለውን ሁሉ በነብር ሰዎች ዘንድ የኀይል ምንጭ አድርጋ መጻፏ፣ ለስንቱ የተገፋ ልጅ መጽናኛ እንደሚሆን እኛም እናምናለን፤ ፊደል የሚምታታበት ኦርሉ የተባለው ልጅ የሌላውን አስማት የሚፈታ ሆኖ ሲገኝ፣ በትምህርቱ የደከመ አንድ አድማጫችን ፊቱ ሲበራ አይተናል። ነገር ግን የልጅቱ ጥያቄ በዚህ አይፈታም። የሐሰት ስም የተለጠፈበት ሰው የሚፈልገው ስሙ እንዲያምርለት ሳይሆን እንዲነሣለት ነው፤ መጽሐፉም ይህን አልሠራላትም። ከሁላችንም ይልቅ ጠልቃ ያነበበች እርሷ ናት እንላለን።

ሽማግሌው ምንም አልመለሱም። ስንበተን ግን ከደጅ ቆመው ጠበቋትና «እናትሽን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ በያት፤ ቡና ታፍላልኝ» አሏት። ሄደው እንደ ሆነ እስካሁን አልጠየቅንም፤ የሚጠየቅም ነገር አልመሰለንም።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል በ2017፣ ሦስተኛውም በ2022 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ሁለተኛውን ከአዲስ አበባ እንዲያፈላልጉልን ለወዳጆቻችን ጽፈናል። መጽሐፉ ሲደርስ በተራ ለሚያነብቡት ባወጣነው ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው የዚያችው የሸክላ ሠሪ ልጅ ስም ነው። መጽሐፉ ደስ አላለኝም ያልሽ አይደለሽም ወይ ብለን ብንጠይቃት፣ የሳኒ የክፍል ጓደኞች ይቅርታ ጠይቀዋት እንደ ሆነ ማየት እፈልጋለሁ አለችን።