መጀመሪያ ደም

ባለፈው መጋቢት ወንድሜ ሳን አንቶኒዮ በሚገኘው ፎርት ሳም ሂውስተን የጦር ሜዳ ሕክምና ሥልጠናውን ጨርሶ ተመረቀ። እማዬ ሥራ ስለነበረባት ከዳላስ በመኪና የሄድነው አባዬና እኔ ነን። አራት ሰዓት ተኩል በፈጀው መንገድ አባዬ ያወራው ስለ መኪናው ዘይት ብቻ ነበር።

ነገሩ ገብቶኛል። አባዬ ከሀገሩ የወጣው ከወታደርነት ሸሽቶ ነው። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ በኋላ ወጣት በአፈሳ ይወሰድ ነበር። እሱም በ18 ዓመቱ በእግሩ ሱዳን ገባ። ወንድሜ በፈቃዱ ሲመዘገብ "እኔ የሮጥኩት ለዚህ ነው?" ብሎ ሁለት ወር ሙሉ አላነጋገረውም።

የጦር ሰፈሩ በር ላይ መታወቂያውን ሲሰጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አላየሁም ብዬ ዞር አልኩ።

ከምረቃው በኋላ ወንድሜ ፉድ ኮርት ወሰደን። ከመደብሩ ዕቃ ለመግዛት የወታደር መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ምግቡ ግን ለእንግዳም ይሸጣል። ያው እንደ ማንኛውም ሞል ፒዛ፣ በርገር፣ የቻይና ሩዝ ነው። ልዩነቱ ተሰላፊው አብዛኛው የደንብ ልብስ መልበሱ ነው። አጠገባችን አንዲት ወታደር ልጇን ድንች ታበላለች። ሁዳዴ ስለነበር አባዬም ያዘዘው ጥብስ ድንች ነው፤ ያውም "ዘይቱ ዶሮ ተጠብሶበታል ወይ?" ብሎ ካስጠየቀኝ በኋላ።

ዝምታው ሲከብደኝ ወንድሜን በትምህርት ነካ አደረግኩት። እኛ በነርሲንግ የተማርነው መጀመሪያ የአየር መተላለፊያውን፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱን፣ ከዚያ የደም ዝውውሩን ማየት ነው። እሱ ሳቀ።

"እኛ ጋ መጀመሪያ ደም ነው። ከትልቅ የደም ሥር የሚፈስ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል" አለና ቱርኒኬት አውጥቶ ክንዴ ላይ አሰረልኝ። የታሰረበት ሰዓት የሚጻፍበትን ቦታም አሳየኝ።

አባዬ መብላቱን አቆመ። "የማንን ደም ነው የምታቆመው?"

"የቆሰለውን ሁሉ። የጠላትንም ቢሆን። የጄኔቫ ስምምነት ያዛል።"

"ጠመንጃ አትይዝም ማለት ነው?"

"እይዛለሁ አባዬ። ራሴንና ቁስለኛዬን ለመከላከል።"

ወንድሜ ነገሩን ሊያለሳልስለት አልሞከረም። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። አባዬ ብዙ ከቆየ በኋላ "አብሮኝ የወጣ ልጅ ነበር። መንገድ ላይ ቆሰለ። ምን እንደማደርግለት አላውቅም ነበር" አለ። ይህን ከዚያ በፊት ነግሮን አያውቅም። ስሙን ልጠይቀው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

አባዬ ድንቹን ወደ ወንድሜ ገፋ አደረገለት። "ብላ፤ ከስተሃል።"

ስንወጣ አስራ አንድ ሰዓት ሆኖ ጥሩንባ ተነፋ። ባንዲራ የሚወርድበት ሰዓት ነው። መኪኖቹ ቆሙ፤ ወንድሜ ሰላምታ ሰጥቶ ደረቀ። አባዬ ግራና ቀኙን አየና ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

ማታ ስንመለስ ስለ መኪናው ዘይት አላወራም። ኦስቲንን ካለፍን በኋላ "መጀመሪያ ደም ነው ያለው፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ አባዬ፣ መጀመሪያ ደም።"

ዋኮ እስክንደርስ ሌላ ነገር አልተናገረም። ዳላስ ስንገባ ግን ማሰሪያው የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።