ወንዱን ከሴቷ በጊዜ ለዩ

ቤታቸው አኳሪየም ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ዓሦቼ እንዲወልዱ ምን ላድርግ?» እያሉ ነው። ዓሦቹ ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ ወይም ሶርድቴይል ከሆኑ መልሱ አጭር ነው፤ ንጹሕና ሞቅ ያለ ውኃ ካገኙ ራሳቸው ይወልዳሉ። ከባዱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የተወለዱት ጫጩቶች አባታቸው ማን ነው? ስንት ይሁኑ? የትስ ይደጉ? ይህን ሊመልስ የሚችለው ወንዱን ከሴቷ በጊዜ የለየ ሰው ብቻ ነው።

እነዚህ ዓሦች እንደ ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ አይጥሉም። እንቁላሉ እናቲቱ ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ ጫጩቱም ሲወለድ ወዲያው ይዋኛል። የወንዱ ዘር ወደ ሴቷ አካል መግባት ስላለበት የወንዱ አንድ ክንፍ ለዚሁ ሥራ ተለውጧል። መለያ ምልክታችንም እሱ ነው።

ዓሣው ጎኑን ሲሰጣችሁ ከሆዱ ሥር፣ ከፊንጢጣው አጠገብ ያለችውን ክንፍ ተመልከቱ። ሴት ከሆነች ክንፏ እንደ ማራገቢያ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል። ወንድ ከሆነ ግን ቀጭን ዘንግ መስሎ ወደ ኋላ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ባለሙያዎች ይህን አካል ጎኖፖዲየም ይሉታል። በጉፒ ላይ ቀለሙም ያግዛል፤ ወንዱ ትንሽና ባለ ብዙ ቀለም ሲሆን ሴቷ ትልቅና ደብዘዝ ያለች ናት። በፕላቲና በሞሊ ላይ ግን ሁለቱም ጾታዎች ስለሚያምሩ በቀለም የሚለይ ሰው ይሳሳታል። ከሴቷ ሆድ በስተኋላ የሚታየው ጠቆር ያለ ነጥብም ጥሩ ምልክት ነው፤ በጥቁር ሞሊ ላይ ግን አይታይም።

ሶርድቴይልን በተመለከተ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። «ሴቷ ዓሣዬ ወንድ ሆነች» የሚሉ ብዙ ናቸው። በዚህ ዝርያ ውስጥ ቶሎ የሚጎለምሱና ዘግይተው የሚጎለምሱ ወንዶች አሉ፤ የሚጎለምሱበትን ጊዜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በዘር የሚወረስ ባሕርይ ነው። ዘግይቶ የሚጎለምሰው ወንድ ሰይፍ መሳዩ ጭራውና ጎኖፖዲየሙ እስኪወጡ ድረስ ሴት መስሎ፣ አካሉም ገዝፎ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ «ጾታዋን የቀየረች» የምትባለው ዓሣ ከመጀመሪያውም ወንድ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሴቷ አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር ከተገናኘች ዘሩን በአካሏ ውስጥ ለወራት ታቆየዋለች። በየአራት ሳምንቱ ገደማ፣ ወንድ አጠገቧ ሳይኖር፣ ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ከወንዶች ጋር ተቀላቅላ ከኖረችበት ሱቅ የገዛችኋት ትልቅ ሴት ጉፒ አርግዛ ነው ቤታችሁ የምትገባው። የመረጣችሁትን ቆንጆ ወንድ አጠገቧ ብታኖሩም ቀጥሎ የሚወለዱት ከማታውቁት ወንድ የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። አባቱን በእርግጠኝነት ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ሴቶቹን ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ለይቶ ማሳደግ። ከተወለዱ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ እዩአቸው። ክንፉ መቅጠን የጀመረውን ወዲያው ወደ ሌላ ገንዳ አዛውሩት። ጥቂት ሳምንታት ከዘገያችሁ ወንድሞች እኅቶቻቸውን ያስረግዛሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ዴንማርካዊው ተመራማሪ ዮሐንስ ሽሚት በወንድ ጉፒዎች ላይ የሚታይ አንድ የቀለም ምልክት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ እንደሚተላለፍ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሩ ልጅ ኦይቪንድ ዊንገ እንዲህ ያሉ ብዙ ምልክቶች ዋይ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኙ ገለጸ። እናቲቱም ድርሻ አላት፤ ለምሳሌ የአልቢኖ ገላ ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ በልጁ ላይ አይወጣም። ፕላቲንና ሶርድቴይልን በአንድ ገንዳ ማኖር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ሁለቱ ይዳቀላሉ፤ ከአንዳንዶቹ ድቅሎች የቆዳ ካንሰር እንደሚወጣ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። እንግዲህ ማንን ከማን ጋር እንደምናገናኝ መምረጥ ለሚወለደው ዓሣ ጤና የምንወስደው ኃላፊነት ነው። እኅትና ወንድም ለብዙ ትውልድ ሲገናኙም ዘሩ ይደክማል፤ አከርካሪያቸው የጎበጠ ጫጩቶች ይበዛሉ። አልፎ አልፎ ከሌላ ቤት ዝምድና የሌለው ዓሣ አምጡ። ከመቀላቀላችሁ በፊት ግን ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው አቆዩት።

ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ይኑሩት። «አንድ ወንድና አንድ ሴት» ብሎ መግዛት ለሴቷ ግፍ ነው፤ ወንዱ ቀኑን ሙሉ ሲያሳድዳት ትደክማለች። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ውኃውን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚያቆይ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ሰፊ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ጫጩቶቹን የገዛ እናታቸውም ትበላለች፤ ስለዚህ የሚደበቁበት ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ተክል ይኑር። ምግባቸውን አድቅቃችሁ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስጧቸው።

ሲበዙስ? አንዲት ጉፒ በአንድ ወሊድ ከ20 እስከ 60 ጫጩት ልትጥል ትችላለች። ገንዳው ሲጨናነቅ አንዳንዱ «ነፃ ላውጣቸው» ብሎ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ይለቃቸዋል። ደግ ሥራ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። የጉፒ አገሯ ትሪኒዳድና ሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ትበላለች ተብላ በብዙ አገሮች ተለቅቃ የአገሬውን ዓሣ የምትሻማ መጤ ሆናለች። የእኛ ጣና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ከአኳሪየም የወጣ መጤና በሽታው እንዲደርስባቸው ልንፈቅድ አይገባም። የተረፋችሁን ለሌላ አሳዳጊ ስጡ ወይም ለሱቅ መልሱ። እሱም ካልሆነ ጾታቸውን ለይታችሁ አኑሯቸው።

ስለዚህ ጥንድ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛ ገንዳ አዘጋጁ። ያንን የማትችሉ ከሆነ፣ ወይም ጫጩት የማትፈልጉ ከሆነ፣ ወንድ ጉፒ ብቻ ግዙ። ውበቱ ሳይጎድልባችሁ፣ ልታሳድጉት የማትችሉት ዓሣም ሳይወለድ በሰላም ትኖራላችሁ።